እርማት፦ የጥር 11 ጥምቀት የእምነት ማረጋገጫ አይደለም

ወንድሜ፣ «ጎንደር በፋሲለደስ መጠመቂያ በየዓመቱ የሚጠመቅ ሰው እምነቱ ስለሚታደስ ራሱን መመርመር አያስፈልገውም» ብለው የጻፉት ሊታረም ይገባል። ጥር 11 ቀን፣ ከቀሐ ወንዝ በሚሞላው ገንዳ ዙሪያ ጸበሉ ሲረጭና ወጣቶች እየዘለሉ ሲገቡ የምናስበው ጌታችን በዮርዳኖስ መጠመቁን ነው እንጂ ዳግመኛ እየተጠመቅን አይደለም፤ በጸሎተ ሃይማኖትም «በአንዲት ጥምቀት እናምናለን» እንላለን። በረከቱን ፈጽሞ አልነቅፍም፤ እኔም ነጠላዬ እስኪርስ ድረስ ተረጭቻለሁ። ሆኖም ሐዋርያው ጳውሎስ «በሃይማኖት ብትኖሩ ራሳችሁን መርምሩ» ብሎ የጻፈው (2ኛ ቆሮ. 13፥5) ለተጠመቁት ለቆሮንቶስ ክርስቲያኖች ነበር። ጌታችን በማቴዎስ 13 በተናገረው የዘሪው ምሳሌ በጭንጫ ላይ እንደ ተዘራ ዘር የሆነው ሰውም ቃሉን ወዲያው በደስታ ይቀበላል፤ ሥር ስለሌለው ግን መከራ ሲመጣ ይሰናከላል። ስለዚህ መመርመር ያለበት የበዓሉ ዕለት እልልታችን ሳይሆን፣ ታቦቱ ወደ መንበሩ ከተመለሰ በኋላ ከተጣላነው ጎረቤት ጋር መታረቃችንና ችግር በመጣ ጊዜም ከጸሎት አለመራቃችን ነው።