የሚኪ ማውስ እጅ የኡብ አይወርክስ ነው

እዚህ የወጣው፣ ስለ ሚኪ ማውስ አፈጣጠር የሚያወራው ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ግን ዋልት ዲዝኒን ብቻ ጠርቶ ማለፉ ቅር አሰኘኝ። ሚኪን በእጁ የሳለው የዲዝኒ ባልደረባ ኡብ አይወርክስ የት ገባ?

ሁለቱ የተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1919 ካንሳስ ሲቲ፣ አንድ የማስታወቂያ ሥዕል ቤት ውስጥ ነው። በ1928 ዲዝኒ ኦስዋልድ የሚባለውን የካርቱን ጥንቸል ለፊልም አከፋፋዩ ሲያጣ፣ አብዛኞቹ ሠዓሊዎቹም ጥለውት ሄዱ። ኡብ ግን ቀረ። የመጀመሪያውን የሚኪ ፊልም ብቻውን ማለት ይቻላል ሳለው። በቀን እስከ 700 ሥዕል ይሠራ ነበር ይባላል። የሚኪ ድምፅና ጠባይ የዋልት ነው፣ እሺ። እንቅስቃሴው ግን የማን ነው?

በ1930 ተለይቶ የራሱን ስቱዲዮ ከፈተ። እዚያ የሠራው የካርቱን ገጸ ባሕርይ፣ እንቁራሪቱ ፍሊፕ፣ ብዙም አልሆነለትም። እውነቱን ለመናገር ኡብ ታሪክ ነጋሪ አልነበረም፤ ፍሊፕ ሲዘል ያስቃል፣ ሲቆም ግን ምንም የለውም።

ለኔ የሚገርመው ከ1940 በኋላ ያለው ነው። ዲዝኒ ጋ ተመልሶ ሲገባ እርሳሱን ትቶ ማሽን ሠሪ ሆነ። የዜሮክስ (የፎቶኮፒ) ማሽንን አሻሽሎ፣ የሠዓሊው መስመር በእጅ ሳይገለበጥ በቀጥታ ለካሜራ ወደሚዘጋጀው ግልጽ ፕላስቲክ እንዲያልፍ አደረገ። በ1961 የወጣው የ101 ዳልሜሽን ውሾች ፊልም የተሠራው እንደዚያ ነው። ሜሪ ፖፒንስ በተባለው ፊልም ውስጥ ሰዎቹ ከካርቱን ፔንግዊኖች ጋር ሲጨፍሩ ያያችሁትስ? በቢጫ የሶዲየም መብራት ተዋናዩን ከጀርባው ነጥሎ የሚያወጣው ዘዴ ላይ የሱ እጅ አለበት። ኦስካርም አግኝቶበታል።

አዘጋጁ ክፍል ሁለት ካለው፣ ይሄኛውን ኡብ ያስገባልን።