ዔሊም መክሮ ነበር

ባለፈው ሳምንት በከተማችን አንድ ደብር ሰበካ ጉባኤ ላይ የተባለውን ጎንደር ውስጥ ያልሰማ የለም። የደብሩን ስም አልጠራም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። ያለ ደረሰኝ ስለወጣው የስእለት ገንዘብ ጥያቄ ተነሣ፤ መልስ የሚሰጡት አባት ብድግ ብለው «እንዳይፈረድባችሁ አትፍረዱ» አሉ። አስተዳዳሪውም በዚያው ሹመት ወደ ሌላ ደብር ተዛወሩ። ነገሩ ተዘጋ ተባለ።

አልተዘጋም።

ጥቅሱ ከማቴዎስ ምዕራፍ 7 ነው። አባታችን ቁጥር 1 ላይ ቆሙ እንጂ ወረድ ብለው ቢያነቡ እዚያው ምዕራፍ ላይ «ከፍሬያቸው ታውቋቸዋላችሁ» የሚለውን ያገኙት ነበር፤ የተነገረውም የበግ ለምድ ለብሰው ስለሚመጡት ነው። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር በሽማግሌ ላይ ክስ አትቀበል ብሎታል። ይህን እቀበላለሁ፤ ሐሜት ምስክር አይሆንም። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ግን ኃጢአት የሚሠሩትን ሌሎቹ እንዲፈሩ በሁሉ ፊት ገሥጻቸው ይላል። በሁሉ ፊት! በዝውውር ደብዳቤ አላለም። ሒሳብ መጠየቅን ፍርድ የሚል ሰው ወይ መጽሐፉን አላነበበም፣ ወይ እኛ አናነብም ብሎ ተማምኗል።

«ቅድስና የግል ነው፣ አስተዳደር ሌላ ነው» የምትለዋ ደግሞ መልስም አይገባት። ኤጲስ ቆጶስ ገንዘብን የማይወድ ይሁን ያለው ማን ሆነና?

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ የምናገኘውን የሴሎውን ካህን ዔሊን እንውሰድ። ዔሊ ሌባ አልነበረም። ሌቦቹ ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ ናቸው፤ ሎሌያቸው ሦስት ጣት ያለው ሜንጦ ይዞ ከሕዝቡ ድስት ሥጋ ያወጣላቸው ነበር፤ ስቡ ለእግዚአብሔር ሳይጤስም ጥሬውን ስጡ፣ እምቢ ካላችሁ በግድ እንወስዳለን ያሰኙ ነበር። አባት ይህን ሰማ። መከረም፤ የምሰማው ወሬ መልካም አይደለም አላቸው። ከዚያ በሹመታቸው ተዋቸው። ቁጣ የወረደበት ሳይመክር ቀርቶ አይደለም፤ እያወቀ ስላልከለከለ ነው። ልጆችህን ከእኔ ይልቅ አከበርህ ተባለ። ፍልስጥኤማውያን ባየሉ ጊዜ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ንስሐ እንግባ አላሉም፤ ታቦቱ ከሴሎ ይምጣልን አሉ። አጅበውት የመጡት እነዚያው ሁለቱ ናቸው። ሕዝቡ ምድር እስክትናወጥ እልል አለ። በዚያ ቀን 30,000 እግረኛ ወደቀ፤ ሁለቱ ካህናት ሞቱ፤ ታቦቱ ተማረከ። የ98 ዓመቱ ዔሊም ወሬውን ሲሰማ ከወንበሩ ወደ ኋላ ወድቆ አንገቱ ተሰበረ። ወንበሩ እንዲያው የተጠቀሰ አይመስለኝም።

በአርባ አራቱ ታቦት የምትኮራ ከተማ ይህን ምዕራፍ ደጋግማ ማንበብ አለባት። በጥምቀት ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ «ታቦቱ ከእኛ ጋር ነው» እንላለን። ነው። ከአፍኒንና ከፊንሐስም ጋር ነበር። ድርቡሽ፣ የሱዳኑ የመሐዲ ጦር፣ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴን የንብ መንጋ ጠበቃት ብለን ለእንግዳ ሁሉ እንተርካለን፤ አመድ ስለሆኑት አብያተ ክርስቲያናት ግን ትንፍሽ አንልም።

መመዘን ደግሞ እናውቅበታለን። አቋቋም፣ ያንን የማኅሌት ትምህርት፣ ሊያስመሰክር ከሩቅ አገር ወደ ጎንደር በአታ ጉባኤ ቤት የመጣ ተማሪ ዝማሜውን፣ የመቋሚያውን እንቅስቃሴ፣ ቢስት መምህሩ «ይለፍ፣ የግሉ ጉዳይ ነው» ይሉታል? እስኪያቀናው ድረስ ይመልሱታል እንጂ። ለመቋሚያ እንዲህ የሚቀና ቤት ለሙዳየ ምጽዋቱ ሲሆን ቅናቱ የት ይገባል?

«ገበናችን አደባባይ ወጣ» የሚሉም አሉ። ያወጣው የጠየቀው ነው ወይስ የወሰደው?

የተዛወሩት አስተዳዳሪ የቀድሞውን ደብር ሒሳብ አጥርተው ሳያስረክቡ የአዲሱን ቁልፍ አይረከቡ። የኦዲቱ ውጤትም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ስእለቷን ያስገባችው ባልቴት ባለችበት፣ በዐውደ ምሕረት ይነበብ። ንጹሕ ሆነው ከተገኙም እዚያው በሁሉ ፊት ይነገርላቸው።