«ማንን ነው እምቢ ያለው? እኔን?»

ዛሬ ረፋድ ደሴ ፒያሳ ላይ የደረሰብኝን ሳልጽፍ ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም። የእንግዳ ማረፊያቸውን ድረ ገጽ የምሠራላቸው ጋሼ፣ የባንኩ የክፍያ ገጽ በራሳቸው ገጽ ውስጥ «ልክ እንደ ካርታው» ቁጭ እንዲል ፈለጉ፤ አይፍሬም በሚባለው፣ የሌላን ገጽ በራስ ገጽ ውስጥ በሚያሳየው ኮድ ባስገባው ግራጫ ሳጥን ብቻ ብቅ አለ። «ምን ይላል?» አሉኝ። «መገናኘት እምቢ ብሏል ይላል» ስላቸው፣ አራት ሰው ቡና በሚጠጣበት መሐል፣ «ማንን ነው እምቢ ያለው? እኔን? ሃያ ዓመት ደንበኛው የሆንሁትን?» ብለው ጮኹ። ቀጥለውም፣ «የእህቴ ልጅ ገና አሥረኛ ክፍል ነው፤ የዩቲዩቡን ቪዲዮ በሁለት ደቂቃ አስገባው። አንተ ሦስት ቀንህ!» ቡና የምታፈላዋ ልጅ ሳትቀር ሳቀችብኝ። ቶናው ሳይደርስ ተነሥቼ ወጣሁ፤ በደሴ ከአቦል ላይ ተነሥቶ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አይፍሬም በራስ ግድግዳ ላይ ወደ ሰው ቤት የሚያሳይ መስኮት መቅደድ ነው፤ መጋረጃው ግን በባለቤቱ እጅ ነው። ዩቲዩብ ለዚሁ ሥራ ብሎ የተለየ አድራሻ አዘጋጅቷል፤ ያ ጎበዝ ልጅም ተራውን የቪዲዮ አድራሻ ለጥፎ ቢሆን ኖሮ እንደ እኔው ግራጫ ሳጥን ታቅፎ በቀረ ነበር። ባንኩ ግን ገጹን ሲልክ «ኤክስ ፍሬም ኦፕሽንስ፦ ዲናይ» የሚል ትእዛዝ አብሮ ይልካል፤ ይህን ያነበበ ብራውዘር፣ ብለምነውም ብረግመውም፣ ገጹን በማንም ፍሬም ውስጥ አይከፍትም።

የሚያናድደው ደግሞ ባንኩ ትክክል መሆኑ ነው። በፈረንጆቹ 2008 ስም የወጣለት ማጭበርበር አለ፦ ሌባው የባንኩን ገጽ የማይታይ አድርጎ በሐሰተኛ ቁልፍ ላይ ይደርበዋል፤ ሰውየው «ሽልማትዎን ይውሰዱ» የሚለውን የተጫነ ሲመስለው፣ የተጫነው «አስተላልፍ» የሚለውን ነው። በ2009 የማይክሮሶፍቱ ብራውዘር ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 8 ይህን መከልከያ ይዞ የመጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ለጋሼ ባስረዳቸው፣ «እኔን ሌባ ማለትህ ነው?» እንደሚሉኝ አልጠራጠርም።

ባለፈው ወርም እንዲሁ በአይፍሬም ያስገባሁት የክፍል ማስያዣው ቅጽ ወገቡ ላይ ተቆርጦ ታየ ብለው እኩለ ሌሊት ደውለዋል። ከሌላ ቦታ የመጣ ገጽ ቁመቱን ለእኔ አይነግረኝም፤ በግምት ልክ ስሰጠው በኮምፒውተር ይበቃዋል፣ በስልክ ያጥረዋል። የዚያ ሥራ ቀሪ ሒሳብ እስከ ዛሬ አልተከፈለኝም።

መፍትሔው አንድ ቁልፍ ነበር፤ እንግዳው «ክፈል» ሲል በቀጥታ ወደ ባንኩ ገጽ ይሄዳል። ማታ ስልክ ደውዬ ይህንኑ ብነግራቸው፣ እንግዳዬን ለባንክ አሳልፌ አልሰጥም አሉ። ከዚያም ድምፃቸውን አለስልሰው፣ «አብሽር ልጄ፣ ነገ የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲወጣ መጥቶ ያሳይሃል» አሉኝ።

እሺ አልሁ።