የውሃውን መንገድ የዘጋነው እኛው ነን

የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ጎርፍ ቤታችን በገባ ቁጥር ሰማዩን ማማረር ይብቃን። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ አቃቂ ከዚያ ወደ 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ላይ የዘነበው በቀበናና በግንፍሌ ወንዞች አድርጎ መውረዱ የማይቀር ነው። ድሮ አፈርና ሣር እየጠጣ ያዘገየው የነበረውን ውሃ ዛሬ ቆርቆሮና አስፋልት በደቂቃ ቦይ ውስጥ ይከቱታል። አየሩም በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መሸከም ስለሚችል ዶፉ ገና ይበረታል።

ከሁሉ የሚያስቆጣው በየደጃፋችን የሠራነው መሸጋገሪያ ነው። መኪና ለማስገባት ብለን ቦዩን በኮንክሪት እንደፍናለን፤ ከሥሩም ርካሹን ቱቦ እንቀብራለን። በአንድ ዓይነት ተዳፋት ላይ የ60 ሳንቲ ሜትር ቱቦ በ30 ቢተካ የሚያሳልፈው ውሃ የበፊቱን አንድ ስድስተኛ እንኳ አይሞላም። የተረፈው የጎረቤት ሳሎን ይገባል፤ ይህ ነውር ነው! ቱቦው ከላይኛው ቦይ አይጥበብ፤ ክዳኑም የሚነሳ ይሁን፤ የማይከፈት ቦይ አይጠረግም። ጠረጋው በግንቦት ይለቅ። የወጣው ደለል በዚያው ቀን ይጫን፤ ዳር ላይ ከተቆለለ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል።

ጣሪያችሁንም አስሉት። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው፤ 100 ካሬ ቆርቆሮ በ30 ሚሊ ሜትር ዶፍ 3,000 ሊትር ያወርዳል። በአሸንዳ ወደ ሮቶ ምሩት፤ አቧራና የወፍ ኩስ ያለበትን የመጀመሪያውን 50 እስከ 100 ሊትር ድፉት፤ የቀረው ለልብስና ለአትክልት ይሆናል። ሞልቶ የሚውል ሮቶ ግን ጎርፍ አያቀልም፤ የክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ጠዋት አጉድሉት። ማስረጊያ ጉድጓድ የምትቆፍሩ አፈሩን ለዩ። ቀይ አፈር ውሃ ያሰርጋል፤ በቦሌና በአቃቂ በኩል የሚበዛው ጥቁር አፈር ግን ሲርስ ያብጣል፣ መሠረት አጠገብ ከሆነም ግድግዳ ይሰነጥቃል።

ሽንት ቤታችሁን በስውር ከዝናብ ቦይ ጋር ያገናኛችሁ ሰዎች፣ ፍሳሹ ወደ ራሳችሁ ይመለሳል። ውሃ በፈረቃ ሲቋረጥ መስመሩ ግፊት ያጣና በተሰነጠቀበት በኩል ዙሪያውን የተኛውን ፍሳሽ ይስባል። ውሃው ሲለቀቅ ልጆቻችሁ ከቧንቧ ይቀዱታል፤ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ከሚገባባቸው በሮች አንዱ ይህ ነው።

በወንዝ ዳር ክፍል ሠርታችሁ የምታከራዩ ደግሞ፣ በበጋ ደረቅ አሸዋ የሚመስለው የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው መፍጀቱን አትርሱ። ተከራይ ያለባቸው ክፍሎች ወደ ላይኛው በኩል የሚያወጣ በር ይኑራቸው፤ በሌሊትም አይቆለፍ። ሶኬትና ቆጣሪ ከወለሉ ከፍ ይበል። እናንተ ዘንድ ሳያካፋ እንጦጦ ላይ የጣለው ሊደርስባችሁ ስለሚችል፣ ላይኛው ሰፈር ሲዘንብ የሚደውልላችሁ ሰው አስቀድማችሁ ያዙ። አዲስ ክፍል ግን አንድም አትጨምሩ።