ጓሳ ላይ የተጀመረው ክርክር

ክርክሩ የተነሳው በፓስታ ነው፤ ካምፒንግ ሲወጡ ስንቅ ከቤት ይሰናዳ ወይስ የታሸገ ይበቃል የሚል። መንዝ ውስጥ ባለው ሣራማ ደጋ፣ ጓሳ ላይ ድንኳን ተክለን ካደርን ሳምንት አልፎናል። ደብረ ብርሃን ተመልሰን፣ ቡና እየጠጣንም ነገሩ አልበረደም።

አራት ሆነን ነበር የሄድነው። አንዱ አንጋፋ ሾፌር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና መንገድ ላይ የፈጁ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አንዱ ባንክ የሚሠራ ወጣት ነው። አንዷ ነርስ ናት። አራተኛው እኔ።

ወጣቱ እንዲህ ነው የሚለው። «ሰው ካምፒንግ የሚወጣው አገር ሊያይ ነው እንጂ ወጥ ሊሠራ አይደለም። ቱና፣ ብስኩት፣ ኢንዶሚ ትይዛለህ። ሲርብህ ትበላለህ። ከሰለቸህ ደብረ ሲና ወርደህ ሆቴል ትገባለህ። ሽንኩርት ሲከትፍ የዋለ ሰው ጭላዳ ዝንጀሮ አያይም።» ሌላ ነጥብ አላመጣም። ይህንኑ ድምፁን ከፍ እያደረገ ደጋገመው።

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «አንተ ልጅ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉት።

ይህችን ተረት በዚያ ጉዞ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት ቆጥሬ አልጨርሳትም። ከደብረ ብርሃን ሳንነሳ አሏት። ጣርማ በር ላይ ወደ መሐል ሜዳ ስንታጠፍ አሏት። አርብ ማታ ፓስታው ድስት ውስጥ እንደ ሙጫ ሲያያዝ ግን ምንም አላሉም። ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም አሉ። ያ ዝምታ ከተረቱ ይብስ ነበር።

የአርቡን እራት «ለኔ ተዉት» ያለው ወጣቱ ራሱ ነው። ጾም ስለሆነ ፓስታ በቲማቲም ሊያበላን። ዕቃውን የጫነው ሐሙስ እኩለ ሌሊት ላይ፣ እጁ የነካውን እያነሳ ነው። ቢላው ከድንኳኑ ሥር ተቀብሯል። የቆርቆሮ መክፈቻው ቤት ቀርቷል። የድስቱ ክዳን የለም። በርበሬው በኮረኮንቹ ተፈትቶ ብርድ ልብሱ ላይ ፈሷል። በዚያ ንፋስ፣ በእጅ ባትሪ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ዕቃ ስንፈልግ አመሸን። ጭላዳዎቹ በዚያ ሰዓት ገደላቸው ውስጥ ገብተው ተኝተዋል። እንግዲህ ሽንኩርት ያልከተፈው ሰው ምን አየ?

ፓስታው ያልበሰለበትን ምክንያት እስከ ዛሬ በፓስታው ያሳብባል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። እኛ የተከልንበት ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ያልፋል። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃም 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። እዚያ የሚፈላው 89 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሲንተከተክ አይተህ እንደ ቆላው የሞቀ ይመስልሃል። እሳት ብትጨምርበት ቶሎ ተንኖ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ ንቅንቅ አይልም። ክዳን የሌለው ድስት ንፋስ ላይ ሲጣድ ደግሞ አስቡት። ትንሿ የጋዝ ሲሊንደርም በብርድ ጉልበቷ ይደክማል። እሱ ውሃው በደንብ ሳይፈላ ነው ፓስታውን የጨመረው። ላዩ ሟሟ፣ ውስጡ ጥሬ ቀረ።

የደጋ እናቶች ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። በሶ ምንድን ነው? ገብሱ ቤት ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ሥራው አልቋል። መንገድ ላይ እሳት አይጠይቅም። ሽሮም ያው ነው። አተሩ ወይ ሽምብራው ተቆልቶ ስለተፈጨ ያ የደጋ ፍል ውሃ ይበቃዋል። ቂጣና ጥብስንም ከፍታው እንደ ቅቅል አይጎዳቸውም፤ የምጣድና የዘይት ሙቀት ከውሃ መፍያ በላይ ነው። ጥሬ ባቄላ ይዞ የወጣ ሰው ግን በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት ከሌለው ጋዙን ሲያነድ ያድራል። ነርሷ ብልሃት ነበራት። ጠዋት ምስሩን ክዳኑ በሚጠብቅ ማሰሮ ውሃ ውስጥ ነክራ መኪና ውስጥ ታስቀምጣለች። እኛ ስንጓዝ እሱ ሲርስ ይውላል። ማታ ላይ ጊዜ አይፈጅም።

ስለ ነርሷ ካነሳሁ አይቀር፣ እስከዚያ አርብ ማታ ከወጣቱ ወገን ነበረች። «ለሁለት ቀን ምን ያስጨንቃል? ያገኘነውን እንበላለን» ትል ነበር። ሌሊቱ ሲከብድ ወጣቱ የተቀጣጠለ የከሰል ምድጃ አንስቶ ድንኳን ውስጥ ሊያስገባ ሄደ። ዘላ ክንዱን ያዘችው። «ይገድልሃል! ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ተኝተህ ትቀራለህ!» አለችው። ከከሰሉ የሚወጣውን መርዛም ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ማለቷ ነው። ድንኳን ይሁን መኪና፣ በተዘጋ ቦታ ከሰልም ሆነ የጋዝ ምድጃ አይበራም። እሱ «ዚፑን ትንሽ ከፈት አደርገዋለሁ» አለ። «ብርድ ልብስህን አራግፈህ ልበስ» አለችው። ብርድ ልብሱ በርበሬ ነው። ጋሼ «ሲሮጡ የታጠቁት» ብለው ጀመሩ። «ሲሮጡ ይፈታል» ብላ እሷ ጨረሰችላቸው። ከዚያ ወዲያ ወደ ወጣቱ ወገን አልተመለሰችም።

አሁን ቅዳሜ ማታን ልንገራችሁ፤ ክርክሩ ለኔ ያለቀው ያን ማታ ነው።

ጋሼ ከመኪናው ኋላ አንድ የእንጨት ሳጥን አወጡ። ቢላው፣ ማማሰያው፣ ክብሪቱ፣ ጨው፣ ሁሉም በየቦታው ነው። እንቁላሎቹ ጭድ ውስጥ ተሰድረዋል፤ አንድም አልተሰበረም። ከበረዶ ሳጥኑ ደግሞ ሐሙስ የጠበሱትን ቁሌት አወጡ። ሽንኩርቱ ከበርበሬው ጋር ቤታቸው በዝግታ በስሎ፣ ፍሪዘር ውስጥ ድንጋይ እስኪሆን አድሯል። ዙሪያውን ውሃ የረጋባቸው ሃይላንዶች ከበውታል። በረዶው ሲቀልጥ የምንጠጣው እሱን ነው፤ የተለየ በረዶ አልገዛንም። ቁሌቱን አሟሙ። ቋንጣውን ጨመሩ። ትንሽ ውሃ ጠብ አደረጉ። ድርቆሹን ፈረፈሩበት። መጨረሻ ላይ ቅቤ። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

በልተን ስንጨርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ጭላዳዎቹ ሣሩን እየነጩ ወደ ገደሉ ሲያዘግሙ ቁጭ ብለን አየናቸው። ወጣቱ ሁለት ጊዜ ጨምሮ በላ። «ጋሼ፣ እርስዎ ይሄን ሲሠሩ ስንት ሰዓት ፈጀብዎ?» ብሎ ጠየቃቸው። «ሐሙስ ከሰዓት፣ ሬዲዮ እየሰማሁ» አሉት።

እንግዲህ ይሄን በልቶ የተነሳ ሰው ነው ዛሬ ደብረ ብርሃን ተቀምጦ «ቱናና ብስኩት ይበቃል» የሚለን። ደብረ ሲና ወርዶ ምሳ መብላትማ ምን የሚሉት ነው? ከጓሳ ጣርማ በር፣ ከጣርማ በር ዋሻውን አልፎ ቁልቁል፣ ከዚያ ተመልሶ ሽቅብ። ቀኑ በመኪና መስኮት ያልቃል። ሆቴሉን አልጠላም። መንገደኛ ሲደክመው ሆቴል መግባት ያባት ነው። ግን ጓሳ ድረስ ወጥተህ፣ ጅባራው ሥር ተቀምጠህ፣ ቀዝቃዛ ቱና ከቆርቆሮ እየጨለፍክ መብላት አገሩንም ራስህንም መናቅ ነው። ሰው ተሰብስቦ ትኩስ ነገር ሲበላ ነው የሚጫወተው። አርብ ማታ እኮ ማንም አልተጫወተም። ሁሉም ተኮራርፎ ተኛ።

ይህ የችኮላ ነገር ካምፒንግ ላይ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ከየት መጣብን ግን? የሸዋ ሰው ስንቅ አዋቂ ነበር። አንኮበር ሥር አልዩ አምባ ገበያ ከባሕር ጠረፍ የሚመላለሰው ሲራራ ነጋዴ ሆቴል አልነበረውም። በ1888 ዓ.ም ወደ አድዋ የዘመተው ሰው ያን ሁሉ መንገድ በሶና ድርቆሹን ቋጥሮ ነው የሄደው። የመንዝ ገበሬም ጓሳን ያቆየው በዚህ ጠባዩ ነው። ሣሩን ለዓመታት ይዘጋል። ቀን ቆርጦ፣ ተማክሮ ያጭዳል። ወጣታችን አርብ ማታ የአስታ ቁጥቋጦ ቆርጦ ሊያነድ ሲል ጋሼ የተቆጡት ለዚህ ነው። የሚበቃ ማገዶና ጋዝ ከቤት ይዞ መምጣት የነበረበት እሱ ነው።

ዛሬ ሁሉ ነገር እየተሮጠ ነው የሚታጠቀው። አስፋልት ይነጠፋል፤ ሳምንት ሳይሞላ ለውሃ ቧንቧ ይቆፈራል። ቤት ይሠራል፤ የጎርፍ መውረጃው የሚታሰበው ክረምት ሲገባ ነው። ሠርግ ይደገሳል፤ ጥሬው ሳይሰናዳ ካርዱ ይበተናል። ከተማ ያደጉ ልጆች በሶ ስትሰጣቸው «ይሄ የምን ዱቄት ነው?» ይላሉ። ቋንጣ የሚሰቀልበት ገመድ ያለው ቤት ስንት ቀረ? ስንቅ መቋጠር የድህነት ምልክት ተደርጎ ተቆጠረ። በላስቲክ የታሸገው ሥልጣኔ ሆነ። ላስቲኩ ደግሞ እዚያው ይጣላል። እሁድ ጠዋት ከድንኳናችን ፊት ለፊት፣ ከኛ በፊት ያደሩ ሰዎች የተዉትን አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ለቀምን። የኢንዶሚ ላስቲክ፣ የቱና ቆርቆሮ፣ ሃይላንድ። ጭላዳ የሚግጥበት ሣር ላይ። ቁሌት በማሰሮ ይዞ የወጣ ሰው ምን ይጥላል? ማሰሮውን ይዞ ይመለሳል።

ወጣቱን አልጠላውም፤ ልጅ ነው፣ መንገድም ይወዳል። ቡናው ሦስተኛ ላይ ሲደርስ «እሺ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቁሌቱን እኔ ልጥበስ?» አለ። ጋሼ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቀደማቸው። «አውቃለሁ፣ ሲሮጡ የታጠቁት» አለ።

«ሽንኩርቱን ረቡዕ ግዛ» አሉት። «ክዳንም እንዳትረሳ።»