መዋጮው ሲቆረጥ ማንም ማስረጃ አልጠየቀም

የጡረታ መዋጮ አንድም ወር ቀርቶ አያውቅም። ደመወዝ ይዘገያል፣ የደረጃ እድገት ይዘገያል፣ መዋጮው ግን ገና ከፔሮሉ ላይ ይነሳል። ዛሬ ከሠራተኛው 7 በመቶ ነው፣ ድሮ ያንሳል። አሠሪው መንግሥት ደግሞ 11 በመቶ ይጨምራል። ታዲያ ሰውዬው 60 ሞልቶት ሲወጣ «እነዚህን ዓመታት መሥራትህን አስረዳ» የሚባለው በምን ሒሳብ ነው?

አባቴ መምህር ነው። ሥራ የጀመረው ገጠር ነው። ያ ወረዳ ከዚያ ወዲህ ተከፍሏል፣ ጽሕፈት ቤቱም ቦታ ቀይሯል። አሁን የመጀመሪያዎቹ 4 ዓመታት የቅጥር ደብዳቤና የደመወዝ ማስረጃ ማህደሩ ውስጥ የለም ተባለ። ማን አጠፋው? አባቴ ማህደሩን ቤቱ ወስዶት አያውቅም። መዝገብ ቤት የሚቆልፈው መሥሪያ ቤቱ ነው። ፈልጎ የማምጣቱ ዕዳ ግን የእሱ ሆነ። «አባት፣ ድሮ የሠሩበት ወረዳ ሄደው ያጽፉ» ይሉታል። እዚያ ሲደርስ «መጀመሪያ እነሱ በደብዳቤ ይጠይቁን» ይሉታል። የአያቱ ስም አንዱ ወረቀት ላይ በ«ኃ» ሌላው ላይ በ«ሀ» ተጽፏል ብለው ጉዳዩን ያቆሙበትም ጊዜ አለ። በዚህ ዕድሜው!

4 ዓመት ምን አላት የሚል ካለ ስሌቱን ይይ። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው 60 ሲሞላው የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ስለዚህ 4 ዓመት ጠፋ ማለት ከአማካይ ደመወዙ 5 በመቶ በየወሩ ቀረ ማለት ነው፣ ዕድሜ ልኩን። እሱ ሲያልፍ ለእናቴ የሚደርሳት የአበሉ 50 በመቶ ነው። ጉድለቱ እሷንም ይከተላታል።

ጣሪያው 70 በመቶ ነው ይባላል። እዚያ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ ሳያቋርጥ እስከ 60 የሠራ ሰው ነው የሚደርስበት። ተምሮ በ22 ዓመቱ የገባ ሰው 65 በመቶ ላይ ይቆማል። ጡረታ ሊወጣ ሲል ደመወዝ ቢጨመርለትም በ3 ዓመቱ አማካይ ውስጥ ይሟሟል። እንዲህ በጥቂት በጥቂት ከሚለካ ነገር ላይ ዓመታትን መጣል ግፍ ነው።

መሥሪያ ቤቶች የእያንዳንዱን ሠራተኛ የአገልግሎት ዘመን በየዓመቱ አውጥተው ቢያሳዩና ቢያስፈርሙ ምን ይከብዳቸዋል? ስህተቱ ያኔውኑ ይታረም ነበር። በሥራ ላይ ያላችሁ፣ በተለይ ከወረዳ ወረዳ የተዛወራችሁ፣ 60 እስኪሞላችሁ አትጠብቁ። የሰው ሀብት ሄዳችሁ ማህደራችሁን አስወጡ። የቅጥር ደብዳቤውን፣ የዝውውር ደብዳቤዎቹን፣ የሕይወት ታሪክ ቅጹን አይታችሁ ኮፒ ያዙ። የትውልድ ዘመናችሁንም አረጋግጡ፣ የሚያዘው መጀመሪያ ስትቀጠሩ ያስመዘገባችሁት ነው።

እኛ አሁን የያኔው የደመወዝ መክፈያ ከፋይናንስ መዝገብ ተፈልጎ እንዲወጣ በጽሑፍ ጠይቀናል። አባቴ በየወሩ ፈርሞበታል። የጻፍነውን ተቀብለው ማህተም አድርገውበታል፣ መልሱንም በጽሑፍ እንፈልጋለን።