"ምን ፈየዱ?" ለሚለው ሰው

ሰሞኑን በአንድ የአማርኛ የውይይት ፕሮግራም ላይ አንድ ተንታኝ ስለ ሰሜን አየርላንድ ሲያወራ፣ "እነዚያ እናቶች አለቀሱ፣ ሰልፍ ወጡ፣ ኖቤል ተሸለሙ። ጦርነቱ ግን እስከ እ.ኤ.አ. 1998 ቀጠለ። ታዲያ ምን ፈየዱ?" አለ። አፉን ሞልቶ ነው ያለው። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

የፈየዱትን ልንገረው። እ.ኤ.አ. በ1976 በካቶሊኮችና በፕሮቴስታንቶች ግጭት 300 ያህል ሰው ሞተ። እናቶቹ አደባባይ ከወጡ በኋላ፣ በ1977፣ የሟቹ ቁጥር ከ120 በታች ወረደ። "ሌላም ምክንያት ነበረው" የሚል አይጠፋም። ይበል። እኔ ግን እናት በሯን ስትዘጋበት ታጣቂ መደበቂያ ያጣል ባይ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ኦገስት 10 ቀን 1976 በሰሜን አየርላንድ ዋና ከተማ በቤልፋስት ነው። የብሪታንያ ወታደሮች መኪና ሲነዳ የነበረን የአይ.አር.ኤ (ሰሜን አየርላንድን ከብሪታንያ ለማላቀቅ የሚዋጋ ታጣቂ ቡድን) አባል ተኩሰው ገደሉ። መኪናው መንገድ ስቶ አን ማጓየር በምትባል ካቶሊክ እናትና በልጆቿ ላይ ወጣ። ሦስት ልጆቿ ሞቱ። ትንሹ ገና የ6 ሳምንት ሕፃን ነበር። አደጋውን በዓይኗ ያየችው ቤቲ ዊሊያምስ፣ እሷም የሁለት ልጆች እናት፣ የሰው በር እያንኳኳች በሁለት ቀን 6,000 ፊርማ ሰበሰበች። የሕፃናቱ አክስት ሜይሪድ ኮሪጋን ተቀላቀለቻት። ብዙም ሳይቆይ 10,000 ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ሴቶች አብረው ወጡ። የሰላም ሰዎች ማኅበር እንዲህ ተወለደ።

ተንታኙ ያልገባው ግን ሻንኪል ነው። ፎልስ የካቶሊኮች ሰፈር ነው፣ ሻንኪል የፕሮቴስታንቶች። ጎን ለጎን ናቸው። ከ1969 ጀምሮ በመሃላቸው አጥር አለ። በዚያ ዘመን አንዲት ካቶሊክ እናት ሻንኪል ገባች ማለት ነፍሷን አስይዛ ገባች ማለት ነው። ኦገስት 28 ቀን ገቡ! መነኮሳት ሳይቀሩ ገቡ። የሻንኪል ሴቶች ወጥተው አቀፏቸው። የትኛው ፖለቲከኛ ነው ያን ቀን በዚያ መንገድ የሄደ? የትኛው አዛዥ? ጦርነቱን ያስቆመውን የ1998ቱን ስምምነት የፈረሙት ፖለቲከኞች እዚያ ለመድረስ 22 ዓመት ፈጀባቸው። እናቶቹ 18 ቀን በቃቸው። ያ ስምምነት ያለነሱ ይፈረም ነበር የሚለኝን ሰው አላምነውም።

አዎ፣ መሥራቾቹ በኋላ ተጣሉ። በሽልማቱ ገንዘብም ተነታረኩ። እና? የሻንኪልን መንገድ ተሻግረው መግባታቸውን ይህ ይሰርዘዋል?

"የእንግሊዝ መሣሪያ ናችሁ" እያሉ የሰደቧቸውም ነበሩ። ስድቡን ችለው ሄዱ።

አን ማጓየር በ1980 ሕይወቷን በገዛ እጇ አጠፋች። ተንታኙ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያወራ ስለ እሷ ትንፍሽ አላለም። በሚቀጥለው ጊዜ "ምን ፈየዱ?" ከማለቱ በፊት ስሟን ይጥራ።